ሳጥኑ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ሰላም አዘጋጅ፣ የስዊድኑ ልብስ ሻጭ ኤችኤንድኤም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሱቆቹ ውስጥ ሳጥን አስቀምጦ አሮጌ ልብስ ይሰበስባል ብላችሁ ያደነቃችሁትን አነበብኩት፣ ክፋት የለውም፣ ግን አሮጌውን ስታስረክብ የሚሰጡህ ምንድነው፣ አዲስ የምትገዛበት የቅናሽ ኩፖን! ይሄ ሽያጭ ነው አካባቢ ጥበቃ? ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበትን ጨርቅ ደሞ መልሶ ክር ማድረግ በጣም ከባድ ነው፣ ስለዚህ አውሮፓ ከሚሰበሰበው ብዙው ሰልባጅ ሆኖ ሌላ አገር ይጫናል፣ ጋና፣ አክራ ያለውን የካንታማንቶ የሰልባጅ ገበያ ማየት ይበቃል፣ የማይሸጠው እዛው ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካው ልብስ አምራች ፓታጎኒያም እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ «ይህን ጃኬት አትግዙ» ሲል ያው ማስታወቂያ ነው (ብልጥ ናቸው)፣ ቢያንስ ግን የተቀደደ ይጠግናሉ። ቀጥሎ እነዚህን ኩባንያዎች ስትጠይቋቸው ስንት ሰበሰባችሁ ሳይሆን ዘንድሮ ስንት አዲስ አመረታችሁ በሏቸው እስቲ።

አንድ አንባቢያችሁ