ሊጣል የነበረው ሃርድ ዲስክ፦ የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የአይሲቲ ክበብን ሰው የሚያስታውሰው ፕሪንተር ሲቆም ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የሠራነውን ራሳችን እንናገር።

እንደ ወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል። መብራት ሲኖር ታይፒንግ፣ መብራት ሲጠፋ ጥያቄና መልስ። ለአዲስ አባላት የኮምፒውተር ክፍሎችን አስተምረናል፤ ለወላጆች ቀን ፕሮጀክተሩን አስነስተናል። ይኼ ይብቃ። ማውራት የምፈልገው ስለ ሪከርድ ክፍሏ ኮምፒውተር ነው።

አሮጌዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ስትነሳ ድምጿ ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር። መብራት ሄድ መለስ ሲል ማዘርቦርዷ ተቃጠለ። አዲስ ዴስክቶፕ ተገዛ፣ እሷ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ተቆለለች። የቆዩ ተማሪዎች ሮስተር ያለው ግን እሷ ውስጥ ነበር። ትራንስክሪፕት ፈልጎ ለሚመጣ ሁሉ “ዲስኩ ተበላሽቷል” ይባላል። ዲስኩ ምንም አልሆነም። መሰኪያ ነው ያጣው።

የዚያ ዘመን ዲስክ መሰኪያው አይዲኢ የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው። 40 ፒን አለው፣ ኬብሉ እንደ መቀነት ሰፊ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳታ የሚባለው ቀጭን ኬብል እየተካው መጣ፤ የእኛ አዲሱ ማዘርቦርድ ላይ የአይዲኢ ቦታ ጭራሽ የለም። ደግነቱ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የድሮው ትልቁ ባለ አራት ፒን የኤሌክትሪክ መሰኪያ አንድ ተርፏል። የቀረን በሁለቱ መሃል የሚገባ አዳፕተር ነው። አዳዲሶቹ ሱቆች “የምን አይዲኢ?” አሉን።

ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። ሌሎች ክበባት ለጉብኝት ሙዚየም ይሄዳሉ፤ የእኛ ይኼው ነው። ሲከራከሩ ብታዩአቸው! አንድ ነጋዴ ከካርቶን ስር አዳፕተሩን አወጣልን፣ ገንዘቡን አዋጥተን ከፈልን። ተማሪዎች መሆናቸውን ሲያይ አንድ አሮጌ ኬብል ምራቂ ጨመረላቸው።

ሰካነው። ኮምፒውተሩ ዲስኩን አላየውም። ወንዶቹ “ሞቷል” ብለው ፈረዱ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ድምጿን ያልሰማሁት አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዲስኩን ተቀብላ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ታነባለች። “ቲቸር፣ ይቺ ጃምፐር እኮ ስሌቭ ላይ ናት። ማስተር ላይ መሆን የለባትም?” ጃምፐር ዲስኩ ዋና (ማስተር) ወይም ሁለተኛ (ስሌቭ) መሆኑን የምትወስን ትንሽ መሰኪያ ናት፤ ለካ ይኼ ዲስክ በድሮዋ ኮምፒውተር ሁለተኛ ሆኖ ኖሯል። አጥፍተን፣ ጃምፐሯን በወረንጦ ነቅላ ቦታ ቀየረችላት። ስናበራው ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ላይ 40 ጊጋባይት የሚል ወጣ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እሷ ግን “መጀመሪያ ኮፒ እናድርግ” አለች። እኔም የምለው እሱኑ ነበር፤ ያረጀ ዲስክ መቼ እንደሚቆም አይታወቅምና።

ፋይሎቹ ሲከፈቱ ስሞቹ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኑ። የተጻፉት ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ አይነበብም። ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ የእኛን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ጸሐፊዎቻችን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት በለመዱት ፎንት ነው የቀጠሉት። ፎንቱን ስንጭን ሮስተሩ ተነበበ። የሪከርድ ኦፊሰሯ ውጭ አገር ሆኖ በዘመድ ሲያስጠይቅ የከረመ የአንድ ልጅ ውጤት ወዲያው አገኙ። የ2000 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ መጽሔትም እዚያው ውስጥ ነበር። መጽሔቱ ላይ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ያኔም ማይክራፎን እንዲገዛለት ይጠይቃል። ሚኒ ሚዲያዎች፣ አይዟችሁ።

ሁሉም አልተሳካም። የተወሰኑ ፋይሎች አልከፈት ብለዋል። ኮፒው መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ እንደገና ጀምረናል።

ወላጅ መምህር ኅብረትን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ እና ለቅጂ የሚሆን አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። እስከዚያው የትምህርት ቤቱ የድሮ ሮስተር ሁለተኛ ቅጂ ያለው የእኔ የግል ፍላሽ ላይ ነው፣ እሱም ሊሞላ ነው።