ማያዎች ምን አሉና?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ዓለም ፍጻሜ ትንቢቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ማያዎች (የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ሕዝብ ናቸው) ዓለም በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር 21 ቀን 2012 ትጠፋለች ብለው ነበር ትላላችሁ። የት አሉ?

ማያዎች ረጅሙን ዘመን የሚቆጥሩት በባክቱን ነው። አንዱ ባክቱን 144,000 ቀን ነው፣ ወደ 394 ዓመት ግድም። በዚያ ዕለት (በእኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 መሆኑ ነው) 13ኛው ባክቱን ሞላ፣ በቃ። እኛስ ዘመነ ዮሐንስ ሲያልቅ ዘመነ ማቴዎስ ይገባል እንላለን እንጂ ጳጉሜን ላይ ከፈን እንገዛለን እንዴ?

ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ፓሌንኬ በተባለችው ጥንታዊ የማያ ከተማ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ የማያውን ንጉሥ የፓካልን በዓለ ንግሥ መታሰቢያ እስከ አውሮፓውያኑ 4772 ዓመት ድረስ ቆጥሮ አስቀምጦታል። ትጠፋለች ለተባለች ዓለም እንዲህ ያለ ቀጠሮ ማን ይይዛል? ያንን የ2012ን ቀን የሚጠቅሰው፣ እዚያው ሜክሲኮ ቶርቱጌሮ የተገኘው የማያ ድንጋይም ቢሆን ከፊሉ ተሰብሯል፣ የሚነበበው ስለ አንድ አምላክ ነው፣ ስለ ጥፋት የሚል ነገር የለበትም።

ጭንቀቱን የፈጠሩት ሌሎች ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ቡጋራሽ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፣ ተራራዋ ከጥፋት ያድናል ተብሎ ወሬ ስለተነዛ ባለሥልጣናቱ ወደ ላይ መውጣት እስከ መከልከል ደረሱ፣ ቀኑ ሲደርስ ግን መንደሯን ያጥለቀለቃት ጋዜጠኛ ነበር። አቤት ጉድ!

ማያዎቹ ደግሞ ዛሬም ጓቲማላና ሜክሲኮ ውስጥ አሉ፣ በየቋንቋቸው ያወራሉ። ያላሉትን አሉ አትበሉብን፣ እባካችሁ አርሙት።

የዘወትር አንባቢያችሁ