ጧሪ ላለው አረጋዊ ቦታው የት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ ወላጆቻቸውን መጦሪያ ያስገቡ ልጆችን ክፉኛ የሚወቅስ ደብዳቤ አንብቤ ጋዜጣውን አጥፌ የሱቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መቀሴም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ ጨርቅ በቆረጥኩ ቁጥር ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን። ሁለት ሳምንት ቻልኩት። ጸሐፊውን ልሰድብ አልተነሳሁም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም አብሬያቸው እፈርም ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ መጋላ ሰፈር፣ ቤቴ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ 84 ዓመቱ ነው፤ የሸመንደፈር፣ የባቡሩ ሰው ነው፤ ተወልዶ ያደገውም አያቴ ይሠራበት በነበረው፣ በሶማሌ ምድር ባለው የአይሻ ጣቢያ ነው። በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ሼፍ» ይባል ነበር፣ በፈረንሳይኛው አለቃ ለማለት፤ ሰፈሩም በዚሁ ይጠራዋል። እናቴ ከሞተች በኋላ የመርሳት በሽታው ባሰበት። አንድ ሌሊት በሽርጥና በባዶ እግሩ ወጥቶ ሄዶ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ዘበኛ አገኘው። «ተረኛ ነኝ፣ ክፈት» እያለ ነበር። ዘበኛው ልጅ ነው፤ ግን ጨዋ ነው፤ «ሼፍ፣ ተረኛ ተቀይሯል» ብሎ በባጃጅ ይዞልኝ መጣ። እስከ ዛሬ ሱሪውን በነጻ ነው የምሰፋለት።

ሠራተኛ ቅጠሪ ትሉኝ ይሆናል። በአንድ ዓመት ሦስት ቀጥሬያለሁ። አንዷ ዐረብ አገር ሄደች፣ አንዷ አገባች፣ ሦስተኛዋን አባቴ «ሰዓቴን ሰርቃለች» ብሎ አባረራት። ሰዓቱ በማግሥቱ ጫማው ውስጥ ተገኘ። ሱቅ ዘግቼ እቤት ብቀመጥ ደግሞ የምንበላው የለም። ወንድሜ ካናዳ ነው፤ ብር ይልካል፣ ከብሩ ግን ምክሩ ይበዛል። እህቴ አዲስ አበባ ናት።

ቦታ ስፈልግ መጀመሪያ የተረዳሁት፣ በአገራችን መጦሪያ ሲባል ጧሪ ቀባሪ ላጣ ሰው የተሠራ መሆኑን ነው። መቄዶንያን ሁላችንም እናውቃለን፤ አቶ ቢኒያም በለጠ ከመንገድ ላይ ሰው ማንሳት የጀመረበት ቤት ነው። ሦስት ልጅ ያለው አባቴ እዚያ አንድ አልጋ ቢይዝ ከማን ላይ እንደወሰደ አውቃለሁ። ስለዚህ አላንኳኳሁም። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ውስጥ በወር የሚከፈልባቸው ቤቶች አሉ። የእኔ አባት ከሁለቱ መሃል የወደቀ ሰው ነው፤ ልጅ አለው፣ ጡረታ አለው፣ ቀን ቀን ግን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የለውም።

እህቴ በወር የሚከፈልበት አንድ ቤት አገኘች። ክፍያው የአባቴን የጡረታ አበል አራት እጥፍ ነው፤ ወንድሜ «እኔ እከፍላለሁ» አለ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አልጋው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ካሜራ አለው፤ ወንድሜ ካናዳ ሆኖ በስልኩ ያየዋል። ሽርጡን አስወልቀው ፒጃማ አለበሱት። ሠራተኞቹ «አንቱ» ሲሉት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አልለመደብን። በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ፤ ውሃ አልጠጣ ብሎ ተዳክሟል፣ ክሊኒክ ተወስዶ ግሉኮስ ተሰክቶለታል ተባልኩ። በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሬ ደረስኩ። የቤቱን የመዝገብ ደብተር አሳዩኝ፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ቢዮ የሚባል ሰው ደጋግመው ይጠራሉ። ቤተሰብ ይጠየቅ።»

ቢዮ በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። አባቴ የልጅነቱ ቋንቋ እየተመለሰበት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ እየለመነ ሰው ይጠራል ተብሎ ተመዘገበለት። በሠራተኞቹ ላይ አልፈርድም፤ በመግቢያው ቅጽ ላይ «ቋንቋ» ከሚለው ፊት ለፊት «አማርኛ» ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ነበር የቀረችኝ።

ከዚያ ሐረር ሄድን። ዘመድ የጠቆመን ቤት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ግቢው ሮማን ያለበት፣ ሰዎቹ ደግ። አባቴ ጋቢ ተከናንቦ በረንዳ ላይ ተቀመጠና «ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለ። ከዚያ ራሱ ሳቀ፤ «ሐረር ባቡር አይወጣም» አለ። እውነቱን ነው፤ ተራራው አልመች ስላለ አይደል ሐዲዱ ከታች አልፎ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው፣ መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር የተባለው። ቤቱ ሽንት ቤቱ በአምስት ደረጃ ይወረዳል፤ እኔም ሱቅ ዘግቼ አመሻሽ ላይ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በየሳምንቱ መመላለሱን ፈራሁት። ተውነው።

ድሬ ውስጥ ያየሁትን የመጀመሪያውን ቤት ስም አልጠራም። በስልክ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምናስጎበኘው» አሉኝ። በሦስት ሰዓት ሄድኩ፤ ወለሉ ታጥቦ፣ ዕጣን ጤሶ፣ አረጋውያኑ ጸጉራቸው ተበጥሮ ተደርድረዋል። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ደንበኛዬ የሆነች የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ግን «አንቺ ደግሞ፣ ድሬን በሦስት ሰዓት ማን አያምርበትም?» አለችኝ። በማግሥቱ ሳልናገር በሰባት ሰዓት ሄድኩ። ግንቦት ነው፤ ቆርቆሮው ይጮሃል። የውሃ ጆጉ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከአንድ ብርጭቆ ጋር፤ ከተቀመጡት ውስጥ ተነስቶ የሚደርስበት አንድም ሰው የለም። የሸመገለ ሰው ሰውነቱ ደርቆም ጥሙ ብዙ አይሰማውም፤ ካላቀረቡለት አይጠጣም። አንዲት እናት ደግሞ በነጠላ ከወንበሯ ጋር ታስራለች። እንዳትወድቅ ነው አሉኝ። የሰፊ ዓይን ክፉ ነው፤ ቋጠሮው ከኋላ፣ እጇ በማይደርስበት በኩል ነበር። መውደቅን የፈራ ሰው እንደዚያ አይቋጥርም።

ያ ቤት ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። የ1998ቱን ክረምት የረሳ ድሬ ውስጥ አለ እንዴ? ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በልቷል፤ ሮጠው የሚያመልጡ ጭምር። «ሌሊት ውሃ ቢመጣ እነዚህን ማን ይሸከማል?» ብዬ ስጠይቅ፣ የሌሊት ተረኛዋ አንዲት ልጅ ብቻ እንደሆነች ነገሩኝ።

አሁን አባቴ ያለበት ቤት ሳቢያን በኩል ነው፤ ጡረታ የወጣች ነርስ በራሷ ግቢ የያዘችው፣ ሰባት አረጋውያን ያሉበት። ካሜራ የለውም። አልጋው ከፍ ዝቅ አይልም። በሰባት ሰዓት ሳልናገር ስገባ ያየሁት ግን እያንዳንዱ ሰው አጠገቡ የራሱ ኩባያ እንዳለው ነው፤ በኩባያው ጆሮ ላይ ባለቀለም ክር ታስሯል፤ ያንዱ ቀይ፣ ያንዷ ቢጫ። ስም ማንበብ የተረሳው ቀለም ይለያል። ከመስጊዱ አዛን በተሰማ ቁጥር ሠራተኞቹ ዞረው ያጠጣሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይጠጣል። ነርሷ ሰዓት አያስፈልጋትም። ወጥ ቤቷ ውስጥ ሁለት የሥጋ ድስት አለ፤ የዚህኛውና የዚያኛው ክዳን እንዳይለዋወጥ እጀታቸው ላይ ያንኑ ክር አስራበታለች። ይሄን ጥያቄ ሌሎቹ ጋ ሳነሳ «ችግር የለም፣ እንግባባለን» ነበር መልሱ። ሰባ ዓመት የክርስቲያን ሥጋ የበላ ሰው በመጨረሻ ዕድሜው ምን እንደጎረሰ ሳያውቅ እንዲኖር አልፈልግም፤ የሙስሊሟ እናት ልጅም እንደዚሁ።

አልጋ ላይ ለዋሉት ሁለት ሰዎች ደብተር አላት፤ በየሁለት ሰዓቱ «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ጀርባ» እየተባለ ይሞላል። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው ነው። የውሃ በርሜሎቿ ሁሉ በጨርቅ ተሸፍነው በላስቲክ ታስረዋል። እኛ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ስለማናውቅ በርሜል የሌለው ቤት የለም፤ የደንጌን ትኩሳት በ2006፣ የቺኩንጉንያን በሽታ በ2011 ያመጣብን ትንኝም የሚፈለፈለው እዚያው በርሜል ውስጥ ነው። ያ ትንኝ ቀን ነው የሚነክሰው። ሴትዮዋ ከሰዓት የሚተኙትን ቀንም አጎበር ታወርድባቸዋለች። እኔ ሃምሳ ዓመት ድሬ ኖሬ አጎበር የሌሊት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ሌላ ነው። እኔ እሷን ስምንት ጥያቄ ብጠይቃት እሷ እኔን አንድ ሰዓት ተኩል ጠየቀችኝ። ሲናደድ ምን ያበርደዋል? ሽንቱ ሲመጣ ምን ያደርጋል፣ ቀበቶውን ይነካካል ወይስ ይቆማል? በየትኛው ጎኑ ይተኛል? የግፊት መድኃኒቱን በጾም ቀን በስንት ሰዓት ይውጣል? ስንት ቋንቋ ይናገራል? ቢዮን ነገርኳት። በኦሮምኛም «ቢሻን» ሊል ይችላል አልኳት። «ይበል፣ እዚህ ሁሉንም የሚሰማ አለ» አለች። ሽርጡን አላስወለቀችውም፤ ለሽንት ቤትም የሚመቸው እሱ ነው አለች።

ፈቃድ አላት ወይ ለምትሉኝ፣ የንግድ ፈቃዷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌሊት ለስንት አረጋዊ ስንት አስታማሚ አለ ብሎ የጠየቃት ግን ከእኔ በፊት እንዳልነበረ ነግራኛለች።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ያስገባሁት ዋሽቼ ነው። «ክሊኒክ ነው፣ ግፊትህን ለክተን እንመለሳለን» አልኩት። አሥራ አንድ ቀን ጫማውን አላወልቅም ብሎ በር በሩን እያየ ተቀመጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነርሷ የድሮ ፊሽካ ገዝታ መጣችና «ሼፍ፣ ባቡሩ ዘግይቷል፣ መንገደኞቹን ምሳ አብላልኝ» አለችው። ጫማውን አውልቆ ሳህን አደለ። ይሄም ውሸት ነው፤ ከእኔ ውሸት ግን ይሻላል። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት እወስደዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እመልሰዋለሁ። ብሩን ከወንድሜ ጋር እንካፈላለን። ድሬዳዋም የሚሠራበት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለወላጁ ቀለብ ይስጥ ይላል፤ ቀለብ ሲልም እህል ብቻ ሳይሆን መጠለያውን፣ ልብሱንና ሕክምናውን ነው። ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ካልዋለ ቀለብ አይባልም አይልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመንከባከብ ሀብት ይመድባል ይላል፤ እሱን ለባለሥልጣናቱ ትቼዋለሁ።

እኔ በእውነቱ ስፈልግ የነበረው ማደሪያ ሳይሆን መዋያ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት አድርሼው ሱቄን ከፍቼ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዤው የምገባበት ቦታ። እርሱ ቢኖር አባቴ ዛሬም የሚያድረው አልጋው ላይ ነበር። እድራችን አዳራሽ አለው። ጥላው የከዚራ ዛፍ ነው፣ ወንበሩ ከመቶ ይበልጣል፣ ሽንት ቤቱ ደረጃ የለውም። ለቅሶ ከሌለ ተቆልፎ ይውላል። በጥቅምቱ ስብሰባ ተነስቼ፣ በሳምንት አራት ቀን ይከፈትልን፣ አንድ አስታማሚ በመዋጮ እንቅጠር፣ አረጋውያኖቻችን እዚያ ይዋሉ አልኩ። ሰብሳቢው «ደንባችን ለሐዘን ነው» አሉ። አንድ አባል ደግሞ «አባቷን አውጥታ ሰጥታ እኛን ልትመክር» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። የእድሩን ድንኳን ለሦስት ጊዜ በነጻ የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ አላነሳሁትም። ጉዳዩ ለታኅሣሥ ስብሰባ ተቀጥሯል።

ስብሰባው እሑድ ነው፤ አባቴ ቤት ይሆናል ማለት ነው። ይዤው እሄዳለሁ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጠዋለሁ። ውሃ ሲፈልግ ይጠይቃቸው። በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠይቃቸው እኔም አላውቅም።

ከተማችን ትንሽ ናት፤ ለአባቴ ስል ስሜ ይቆይልኝ።

አንዲት የከዚራ ነዋሪ
ድሬዳዋ