በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ለምትሸጡ አባሎቻችን

ውድ አባላት፣

ክረምቱ ስለገባ አጥብቀን እንለምናችኋለን፤ በደቻቱ አሸዋ ላይ ዕቃ አታሳድሩ። ድሬዳዋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል።

በከፊራ ገበያ አካባቢ ቦታ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር እናውቃለን። ሸራ ነቅሎ፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ጭኖ መመለስ የዕለቱን ትርፍ ይበላል፤ ልጅ አዝለው ለሚሸጡ እናቶች ደግሞ ድካሙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን የምትሸጡ ባጃጁን በጋራ ተከራዩ። መጋላ በኩል ዕቃ ማስቀመጫ ያላችሁም ለሌላው ጥቂት ቦታ ልቀቁ።

ዕቃ ለመጠበቅ ብሎ አሸዋው ላይ የተኛ ልጅ ካያችሁ ቀስቅሱት። ማደሪያ ካጣ ለእኛ ለአስተባባሪዎች ወዲያውኑ አሳውቁን።