በቀዝቃዛ ሞተር

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳህ የልጅነት ጓደኛዬና ወንድሜ፣

እንደምን ባጀህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እናታችን እንዴት ናቸው? እኔና ቤተሰቤ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሮ ተማሪ እያለን «ከናፍቆትህ በስተቀር» ሳንል ደብዳቤ አንጀምርም ነበር። ያኔ ልማድ ነበር። ዛሬ ግን እውነቴን ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ልልህ አስቤ ነበር። መጥፋቱስ ጠፍቶ ነበር፤ ግን ስልክ የሚሠራበት ቀን እንደነበረ አንተም ታውቃለህ። ምክንያቱ ሌላ ነው። ምክንያቱ መኪና ነው። አትሳቅ።

«ደመወዙ አልበቃ ብሎኛል፣ ማስተማሩን ትቼ እህል ልጭን ነው» ስልህ አንዲት ነገር ብቻ ለመንከኝ፦ «ሳልመጣ እንዳትገዛ።» ሁለት ሳምንት ጠብቀኝ አልክ። እኔ ደግሞ ዕቁብ ወጥቶልኛል፣ የአባቴን ባሕር ዛፍ ሸጫለሁ፣ ከሚስቴ ወንድም ተበድሬያለሁ። ብሩ እጄን በላኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ሄጄ ገዛሁ።

ያንን መኪና ብታየው! ነጭ አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና፣ እንደ ሙሽራ የተኳለ። ቀለሙ ገና ይሸታል። ደላላው «አንድ እጅ ነው፣ ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ቸኩሎ ነው» አለኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተቀጣጥረን ስደርስ ሞተሩ እየሠራ ጠበቀኝ። «እንዳትቆም ብለን አሞቅንልህ» አሉኝ። አመሰገንኳቸው! አስበው፣ አመሰገንኳቸው። ሞተሩ በናፍጣ ታጥቦ ያበራል፣ አንዲት የዘይት ጠብታ የለበትም። ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ። ኪሎ ሜትሩን አየሁ። ጥሩምባውን ነፋሁ። ይኸው ነው ምርመራዬ። ሽያጩም በውክልና ነበር፤ ባለቤቱን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም።

እስከ ጎሐ ጽዮን ደህና መጣን። ዓባይን ስንወርድ በከባድ ማርሽ ያዝኩት፣ ማርሽ ነቅለው በፎሌ የሚለቁትን እያየሁ እያማተብኩ። ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ በኋላ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት አንተ ታውቀዋለህ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው ሽቅብ የምትወጣው። ግማሽ ሳንደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ተለጠፈ። ባዶ መኪና ነው እኮ! ቆመን ታኮ አስገባን። ባለን ሃይላንድ ሁሉ ውሃ አፈሰስንለት። ትንሽ ሄድን፣ እንደገና ቆምን። በሦስተኛው ነጭ ጭስ እንደ ጉም ተነሳበትና ጸጥ አለ። ዝንጀሮዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ማታ በሌላ መኪና ተጎትተን ደጀን ገባን።

ሞተሩ ሲከፈት ጉዱ ታየ። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ተሰንጥቋል፤ ድሮም ተሰንጥቆ ተበይዶ ኖሯል። የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ወልቆ ተጥሏል። እሱ ሲወልቅ ውሃው ሁልጊዜ ስለሚዞር ከተማ ውስጥ መርፌው ዝቅ ብሎ ይታይሃል፣ የሚጋለጠው ዳገት ላይ ነው። ጭሱን እንዲደብቅ ዘይቱ ውስጥ የሆነ ወፍራም ነገር ጨምረዋል። ከጋቢናው ጀርባ ሻንሲው፣ የመኪናው አጥንት፣ ተሰብሮ ተበይዷል፤ ብየዳው ላይ ጥቁር ቀለም ተለቅልቆበታል። ዕዳ ከሜዳ ገዛሁ በለኝ።

ደጀን አሥራ ሰባት ቀን ቆየሁ። አባትህ ያረፉት በዚያ መሃል ነው።

ስሰማ ሠልስቱ አልፏል። ሐዋሳ ድረስ መሳፈሪያ እንኳ ኪሴ ውስጥ አልነበረም። ግን እሱም ሰበብ ነው፤ ተበድሬ መምጣት እችል ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያስተማሩኝን ትቼ የገዛሁት መኪና ጋራዥ ተዘርግቶ ሳለ እሳቸውን መቅበር አሳፈረኝ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በስልክ ያጽናናል። እኔ እሱንም አላደረግኩም። ሳምንት አለፈ፣ አፈርኩ። ወር ሲሞላ የባሰ አፈርኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሆነ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። አንተንም እናታችንንም ያጽናችሁ። እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት እንደማይባል አውቃለሁ።

አባትህ ያቺን ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪናቸውን ጠዋት ጠዋት ሲያስነሷት አጥር ላይ ተንጠልጥለን ስናይ ትዝ ይልሃል? እኛ ስንንጫጫ «ዝም በሉ፣ ልስማት!» ይሉን ነበር። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሟታል። እኔ እንደ ጸሎት ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሞተር የሚናገረው ጠዋት፣ ሳይሞቅ ነው።

መኪናውን ጥገናውን ጨርሼ ሸጥኩት። ለገዢው ሁሉንም ነገርኩት፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ወረደ። የግል ትምህርት ቤት ገብቼ ዕዳዬን ስከፍል ከረምኩ። ባለቤቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አምና ልቤ እንደገና ተነሳ። አሮጌ መኪና እያደር የሚረክስ መስሎኝ ነበር። እኛ አገር እንደዚያ የለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ለሚያስገባ ሰው ቀረጡን እሳት አደረገበት። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ይፈለጋል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ መለዋወጫውም አብሮ ወጣ። መጀመሪያ ያየሁት ሒሉክስ ነበር፣ ያ ባለ 2.8 ሊትሩ ናፍጣ፣ ቱርቦም ኮምፒውተርም የሌለው። ዋጋውን ስሰማ ተውኩት። ቶዮታ ሲሸጥልህ ስሙንም ጨምሮ ነው የሚሸጥልህ። ደግሞስ እህል ስንት ኩንታል ይይዝልኛል?

ደላላ ትቼ ገበያ ገበያውን መጠየቅ ጀመርኩ። ጫኝና አውራጆችን ጠየቅኩ፣ ጎማ የሚጠግኑትን ጎሚስታዎች ጠየቅኩ። ይህን ምክር ለማንም ብትሰጠው አትጸጸትም፤ የትኛው መኪና በየሳምንቱ እንደሚጎተትና የትኛው ዝም ብሎ እንደሚሠራ የሚያውቀው ጎሚስታ ነው። አንዱ «ቢቸና አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ፣ ጉልበታቸው ደክሞ ሊሸጡ ነው» አለኝ።

ኅዳር ላይ ሄድኩ። ሳልነግራቸው ዋዜማውን ገብቼ አደርኩና ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በራቸውን አንኳኳሁ። ጋቢ ተከናንበው ወጡ። «መኪናዋን ለማየት ነው አባቴ» አልኳቸው። «ቡና ሳትጠጣ?» አሉ። «መጀመሪያ ልዳስሳት» አልኩ። ሳቁ። ገባቸው።

አስቀያሚ ናት። እሷም ኤንፒአር ናት፣ ዕድሜዋ ግን ከእኔና ካንተ ተማሪዎች ይበልጣል። ቀለሟ ለቋል፣ የቀኝ በሯ በገመድ ታስራለች፣ መብራቷ ባለ አንድ ዓይን ነው። ሞተሯ ያ አሮጌው ፎር ቢዲ ዋን ነው፣ አራት ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር። የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፣ ታይሚንጉ በጥርስ እንጂ በቀበቶ አይዞርም። የትም መንገድ ላይ የሚፈታው ሰው አታጣም፣ ዕቃውም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ሞተሩን ዳሰስኩ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አቧራና ዘይት ለብሷል፣ ማንም አላጠበውም። ደስ አለኝ።

የዘይት መለኪያዋን መዘዝኩ። ጥቁር ነው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ አይደንቅም። እንደ ወተት ሻይ ቢሆን ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና ያኔ ነበር የምሸሸው። «አስነሷት» አልኩ። ማስነሻዋ ሞተሪኖ አቃሰተች። ሁለት ጊዜ ሞክረው እምቢ ስትል ሽማግሌው ምንም ሳያፍሩ «ቁልቁለት ላይ የማቆማት ለዚህ ነው» ብለው ለቀቋት፣ ተነሳች። ግራጫ ጭስ አወጣች፣ ወዲያው ጠራ። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ትበላለች ማለት ነበር። ነጩ አልጠራ ካለ ውሃ ነው። ጥቁሩ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ወይም የታፈነ የአየር ማጣሪያ ነው። ሳትሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃውን ቆሜ አየሁት፤ አረፋ የለም። የዘይት መክደኛውን ፈትቼ እዚያው አፉ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተወረወረም። የፒስተኖቹ ፋሻዎች ገና ናቸው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሥሯ ገባሁ። ሻንሲዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ መታሁ፣ የሚጮኸውን እየሰማሁ። ዝገት አላት፣ ብየዳ ግን የለም። ከግራ ባሌስትራዋ፣ ጭነቱን ከሚሸከመው የብረት ሞላ፣ አንድ ቅጠል ተሰብሯል። የፊት ጎማዎቿን በክሪክ አንስቼ አወዛወዝኩ፤ ትንሽ ይጫወታሉ። ጎማ ላይ አንድ ነገር ተማርኩልህ። ጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ አርጅቶ የተሰነጣጠቀ ጎማ ዓባይ በረሃ ላይ ይፈነዳብሃል። ከስድስቱ ሁለቱ እንደዚያ ነበሩ። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩ፣ ዋጋ ስንነጋገር ላነሳቸው።

«እንሞክራት» ስላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? «ባዶ መኪና ውሸታም ነው። ሃያ ኩንታል ጤፍ ለገበያ የሚጫን አለኝ፣ ጫንና ሞክራት።» እኔ ሳልጠይቅ! ጭነን ዳገት ወጣን። መርፌዋ መሃል ላይ ቆመች፣ ንቅንቅ አላለችም። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ይንኳኳል። «እሱ ያረጀ ነው፣ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጠህ አስገባው» አሉኝ። ፍሬኗ ወደ ግራ ይስባል። እሱንም ራሳቸው ነገሩኝ። ቤት ስንመለስ የተማሪ ደብተር አወጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የተገዛ ዕቃ፣ ሁሉም በእርሳስ ተጽፏል። ብዙውን ማንበብ አልቻልኩም። ግን የማይሸጥ መኪና ላይ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ሊሸጥ ሲል ለመዋሸት አይመቸውም።

ወረቀቱን ባጭሩ ልንገርህ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት አረጋገጥኩ። ውልና ማስረጃ ሽማግሌውና ባለቤታቸው ራሳቸው መጥተው ፈረሙ። ውክልና የሚባል ነገር ዳግመኛ አልሰማም።

ዋጋው ላይ ተጨቃጨቅን። ጎማውን፣ ባሌስትራውን፣ ሞተሪኖውን እየጠቀስኩ አስቀነስኩ። ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ነበር፦ ካለኝ ብር ከአምስት አንዱን ለጥገና ብዬ ለባለቤቴ ሰጥቼ ነበር የመጣሁት። «ብትለምነኝም አልሰጥህም» ብላ ነበር። አልለመንኳትም። ሊሸኙኝ ሲወጡ ሽማግሌው መረቁኝና «ስታማት ደውልልኝ፣ የት እንደሚያማት አውቃለሁ» አሉኝ።

በዚያ ብር ሁለቱን ጎማ፣ የፍሬን ሸራውን፣ ቅጠሉን፣ ማጣሪያዎቹንና ዘይቷን ቀየርኩ። ራዲያተሯን አስጠረግኩ። መካኒኩ «ቴርሞስታቱን እንንቀለውና ትገላገላለህ» ሲለኝ እንዴት እንደጮህኩበት! ደነገጠ። ቀለም አላስቀባኋትም። በሯም አሁን ድረስ በገመድ ነው።

እስካሁን ሁለት ወር ሠርታለች። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ነው፣ ሲከፈት ከእንጅባራ በኩል ድንች፣ ከቡሬ በቆሎ እጭናለሁ። ሊብሬዋ 35 ኩንታል ይላል። ሃምሳ ጫን የሚለኝ በየቀኑ አለ። እምቢ ስል ፈሪ ይሉኛል። ይበሉኝ። ናፍጣውን ከፍዬ፣ ረዳቱን ከፍዬ የሚተርፈኝ ብዙ አይደለም፣ ግን ከሚስቴ ወንድም ቤት አሁን በፊት በር ነው የምገባው።

ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ ጭነት አለኝ። ከዚያ ባዶዬን ሐዋሳ እመጣለሁ፣ ላንተም ለእናታችንም የሚሆን ነጭ ጤፍ ይዤ። መጀመሪያ መቃብራቸው ጋ ትወስደኛለህ። ከዚያ ከፈለግህ ስደበኝ፣ ዝም ብዬ እሰማለሁ። በነጋታው ጠዋት ግን ሳትሞቅ ራስህ እንድታስነሳት እፈልጋለሁ። ጆሮህ የእሳቸው ጆሮ ነው።

ሞተሪኖዋን እስካሁን አላሠራሁም፣ ብሩ አልበቃኝም። ደጃፍህ ላይ ቁልቁለት ካለ አስቀድመህ ንገረኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ