ሰኒዬ፣ የአባባን ፉከራ ላኪልኝ

ሰኒዬ፣ እንዴት ነሽ?

አውቃለሁ፣ ጠፋሁ። ለእትዬ ዘውዴ ለቅሶ እንኳን አልደወልኩም። ሰበብ አልደረድርም፤ ስንገናኝ እንዳሻሽ ትሰድቢኛለሽ። አሁን ግን ጭንቅ ላይ ነኝና ስድቡን አቆዪልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ዌልስ፣ ሜርተር ቲድፊል ከተማ፣ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አጠገብ አንድ የድሮ አዳራሽ አለ። የሰፈሩ ጡረተኞች በየወሩ ይሰበሰቡበታል። ሻይ ይጠጣሉ፣ ኬክ ይበላሉ፣ ስለ አያቶቻቸው ያወራሉ። አሁን የያዙት አንድ ዓመት ነው፤ በፈረንጅ 1936። የዌልስ ሰው ያንን ዓመት እንዴት ኖረው ነው ጨዋታው። ታዲያ አንዷ ሴትዮ ዞር ብላ "ንጉሣችሁ ያኔ ተሰደው ባዝ መጥተው አልነበር እንዴ? አንቺስ ለምን አትናገሪም?" አትለኝም መሰለሽ! አፌ ቀደመኝና እሺ አልኩ። ሃያ ደቂቃ፣ በእንግሊዝኛ፣ ማይክ ይዤ። በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ምን እንደሆንኩ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እስካሁን ለማንም እንዳልተነፈስሽ ተስፋ አለኝ።

መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው፣ ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፣ ሰኔ 23 የጃንሆይ የጄኔቫ ንግግር፣ ከዚያ የስደታቸው ከተማ ባዝ፣ እዚሁ እንግሊዝ። ጭብጨባ፣ አለቀ። ግን የእነሱን ሳላውቅ የእኛን ብቻ ዘርግፌ መውረዱ ደስ አላለኝም። ማንበብ ጀመርኩ። ይኸው እንቅልፍ የለኝም።

ሰኒ፣ እዚህ የነበረውን ችግር ብታዪ! ከእኔ ቤት በላይ ዳገቱ ላይ ዳውላይስ የሚባል ሰፈር አለ። በፈረንጅ ከ1759 ጀምሮ ብረት ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ ነበረው። ሐዲዱ እስከ ሩሲያ ሄዷል። በፈረንጅ 1930 አብዛኛው ክፍሉ ተዘጋ። ድንጋይ ከሰሉም ገበያ አጣ፤ መርከቦቹ ወደ ነዳጅ ዘይት ዞረው ነበር። ሜርተር ውስጥ ከወንዱ ሠራተኛ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ድጎማ ነበራቸው። ግን አሰጣጡ! "ሚንስ ቴስት" ይሉታል። መርማሪው ቤትሽ ድረስ ይመጣል። ማን ይሠራል? ስንት ያመጣል? አያትየው ጡረታ አላቸው? ፒያኖ ካለሽ እሱን ሳትሸጪ ምን ፈልገሽ መጣሽ ነው። ልጅየው ሥራ ካገኘ የአባትየው ድጎማ ይቀነሳል። ስለዚህ ልጁ አባቱ እንዲበላ ብሎ ከቤት ይወጣል። እዚያው መንገድ ላይ፣ ሁለት በር አልፎ ጎረቤት ቤት አልጋ ይከራያል። እናትየው ልብሱን ታጥባለች፣ እራቱን ግን እቤቷ አታበላውም፤ ሰው አይቶ እንዳይናገር። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ረኃብስ የትም አለ። እናትና ልጅ በመንግሥት ሒሳብ መደባበቅ ግን ምን የሚሉት ነው?

ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ለንደን ሰው ቤት ይገቡ ነበር። መንግሥት ራሱ አልጋ ማንጠፍና ሳህን ማቅረብ እያስተማረ ይልካቸው ነበር። ቤሩት ያለችው እህትሽ ትዝ አለችኝ። ሰላም በይልኝ።

አሁን ወደ ጭንቄ ልምጣ። ባለፈው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ብስኩቱንም ወደ እኔ አስጠጉልኝ። ከዚያ በቀስታ "አያቴ ሥራዬን የወሰደችብኝ አቢሲኒያ ናት ይል ነበር" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሄጄ አነበብኩ። እውነት አላቸው። ጣሊያን ከዌልስ ድንጋይ ከሰል ትልልቅ ደንበኞች አንዷ ነበረች። እኛን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለባት፤ ኖቬምበር 18 ቀን 1935 ተጀመረ። ማዕቀቡ ድንጋይ ከሰል አትሽጡላት አይልም ነበር። ነዳጁም አልተነካም፤ እሱ ቢነካ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ዕቃዋን አትግዙ፣ ብድር አትስጧት ነው የሚለው። ዕቃዋን ካልገዟት ግን በምን ትክፈል? ፊቷን ወደ ጀርመን አዞረች። ማዕቀቡ ሐምሌ ላይ ሲነሳ የዌልስን ገበያ ጀርመን ይዛው ቆየች። እኛን ያላዳነ ማዕቀብ የዚህን ሰፈር ሰው ከሥራ አስወጣ ማለት ነው።

ልንገርሽ? ሽማግሌውን ይቅርታ ልላቸው ምንም አልቀረኝ። ለምን ብዬ? አያትሽ አባባ ያንን በጣሊያን መርዝ የተቃጠለ እግር ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ሲያነክሱ፣ እኔ ደግሞ ለከሰል ይቅርታ ልጠይቅ? እልህ ያዘኝ። ቤት ገብቼ ስረጋጋ ግን የሽማግሌውም አያት አባባም የተገፉት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ውሳኔ መሆኑ ታየኝ። ይህን እንዴት ነው ማይክ ይዞ የሚናገሩት? ወቀሳ ሳይመስል፣ ልመናም ሳይመስል? አንቺ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ንግግር የምታደርጊ ሰው ነሽ። መላ በይኝ።

ሌላም ያወዛገበኝ አለ፤ ንጉሣቸው ኤድዋርድ ስምንተኛ። ኖቬምበር 18 ቀን 1936፣ ማዕቀቡ በተጀመረ ልክ በዓመቱ፣ ዳውላይስ መጣ። ፍርስራሹን ፋብሪካ አየ። ሥራ አጦቹ ዘመሩለት። የዌልስ ሰው እንኳን ለንጉሥ ለአውቶቡስ ሾፌርም ይዘምራል። ንጉሡ ልቡ ተነካና "አንድ ነገር መደረግ አለበት" አለ። ይቺ ቃል አገሩን አዳረሰች። በዚያው ሰሞን አዲሱ የድጎማ መመሪያ ሥራ ላይ እየዋለ ነበር፤ ከደቡብ ዌልስ የተነሱ ረኃብተኛ ሰልፈኞችም በእግራቸው ለንደን ገብተው ሃይድ ፓርክ ላይ ጮኸዋል። ንጉሡ ግን ሦስት ሳምንት ቆይቶ ለሚወዳት ሴት ሲል ዙፋኑን ጥሎ ሄደ። ከነቃሉ።

ዛሬም እዚህ ስሙን በፍቅር የሚያነሱ አሉ። እኔ ደግሞ ሌላውን ፊቱን አውቃለሁ። ጃንሆይ በግንቦት መጨረሻ ለንደን ሲገቡ ሕዝቡ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ሲቀበላቸው፣ ይኸው ንጉሥ ቤተ መንግሥቱ ሊቀበላቸው አልወደደም። ወንድሙን ላከላቸው። ልንገራቸው ወይስ ልተወው? እንግዳ ነኝ፣ ኬካቸውን እየበላሁ ነው። ግን ሳልለው ብወርድ ያንቀኛል።

አንድ ነገር ግን በደስታ ነው የማወራላቸው። ሰሜን ዌልስ፣ ሊን የሚባል ባሕረ ገብ መሬት ላይ አየር ኃይሉ የቦምብ ማሠልጠኛ ሊሠራ ተነሳ። መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ነበር ያሰበው። አንዱ ጋ ለዳክዬዎቹ ሲባል ተቃወሙ፣ ሌላው ጋ ዝይ ለምትመስል ነጭ ወፍ ሲባል ተቃወሙ፣ ቦታው ተቀየረ። የዌልስ ሰው ሲቃወም ግን የሰማው የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ልዑካኑን እንኳን አላገኛቸውም። ከወፍ አነሱ ማለት ነው!

ታዲያ ሴፕቴምበር 8 ሌሊት፣ በኛ ጳጉሜን 3፣ ፔናበርዝ የሚባለው ቦታ ላይ የሠራተኞቹ ዛኒጋባና እንጨት ተቃጠለ። ያቃጠሉት ሌቦች አይደሉም። ሳውንደርስ ሉዊስ ደራሲና የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ልዊስ ቫለንታይን ሰባኪ፣ ዲ. ጄ. ዊሊያምስ የትምህርት ቤት አስተማሪ። ሦስቱም ራሳቸው ፑልሄሊ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው "እኛ ነን" አሉ። ካርናርቨን ላይ የተሰየሙት ዳኝነት ሰጪዎች መስማማት አቃታቸው። መንግሥት ጉዳዩን ለንደን ወስዶ በጃንዋሪ 1937 ዘጠኝ ዘጠኝ ወር አስፈረደባቸው። አባባ በአውሮፕላን መርዝ ተቃጥለው በተኙበት ዓመት፣ እዚህ ሰባኪና አስተማሪ ቦምብ መጣል እዚህ አይለመድም ብለው እስር ቤት ገቡ። ይህን ሳነብ ምን እንዳደረግኩ አልነግርሽም። ትስቂብኛለሽ።

መጀመሪያ ስመጣ ይህን አገር ጠልቼው ነበር፤ ታስታውሻለሽ። ዝናቡ፣ ዳገቱ፣ ገና ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚዘጋው ሱቅ። ለንደን ልሂድ ብዬ ስንቴ አስለቀስኩሽ። አሁን ዳውላይስ ዳገት ላይ ስወጣ ቤቶቹን በስም የማውቃቸው ይመስለኛል። እርጅና ነው መሰለኝ።

እንግዲህ የምፈልገውን ልዘርዝር። አንደኛ፣ የአባባን የእግር ታሪክ እንድናገር ፍቀጂልኝ። ያንቺ አያት ናቸው፤ ካልፈቀድሽ ከአፌ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ፉከራቸውን። በረንዳው ላይ ከዘራቸውን አንስተው የሚሉትን። የመጀመሪያውን ስንኝ አስታውሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋብኝ። በቴሌግራም በድምፅ ቅጂልኝ። የአባባን ሳል አትጨምሪበት፤ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። እነዚህ ሰዎች መዝሙር ይወዳሉ፣ ፉከራ ደግሞ ሰምተው አያውቁም። መናገሩ ቢያቅተኝ ያንቺን ድምፅ እከፍትላቸዋለሁ፤ ጊዜው ይሞላል።

ሦስተኛ፣ ምግብ አምጪ ብለውኛል። ዶሮ ወጥ ልሥራ ወይስ ቃጠሎውን ፈርቼ አልጫ? ከቅዳሜ በፊት መልሺልኝ። ኩርፊያሽን ከቅዳሜ በኋላ ቀጥዪ።

ያው እኔው፣ መሲ