አባባ፣ ስለ ላንጋኖው መንገድ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለጥምቀት ዲኤክሷን እየነዱ ከሐዋሳ እንደሚመጡ እማዬ ነግራኛለች። «ዓይኔን ተመርምሬ ፊደሉን እስከ ታችኛው መስመር አንብቤያለሁ» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። አምናለሁ። ግን አባባ፣ የቆመ ፊደል ማንበብና የሚመጣ መኪና መገመት ለየቅል ናቸው።

ከፊታችን ቀጥ ብሎ የሚመጣ መኪና ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይልም። መምጣቱን የምናውቀው በዓይናችን ውስጥ እየተለቀ ሲሄድ ነው። ዴቪድ ሊ የተባለ የኤድንብራ ተመራማሪ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በጻፈው መሠረት፣ ሾፌር ርቀቱንም ፍጥነቱንም ባያውቅ፣ የሚያየው ነገር ከሚተልቅበት ፍጥነት ብቻ ለግጭት የቀረውን ጊዜ ሊገምት ይችላል። ጣጣው፣ መተለቁ መጀመሪያ ላይ እጅግ ዘገምተኛ ነው።

እርስዎ በ80፣ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ በ100 ቢነዱ በየሰከንዱ 50 ሜትር ትቀራረባላችሁ። 400 ሜትር ላይ ቢያዩት 8 ሰከንድ አለዎት። 200 ሜትር ላይ ሲደርስ በዓይንዎ እጥፍ ይሆናል፤ ለዚህ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል። ለሚቀጥለው እጥፍ 2 ሰከንድ ይበቃዋል። ከዚያ 1 ሰከንድ። የቆመ የመሰለው መኪና ድንገት አፍንጫችን ሥር የሚገኘው ለዚህ ነው። ደርበው ለማለፍ የሚወስኑት ደግሞ ገና የቆመ በሚመስልበት ሰዓት ነው። ያ የላንጋኖ ቀጥ ያለ አስፋልትም «እለፍ፣ እለፍ» ይላል።

ዕድሜ ሲገፋ ይህን ለውጥ የመለየት አቅም ይደክማል፤ መነጽርም አይመልሰውም። በዕድሜ የገፉ ሾፌሮች ፍጥነቱን ትተው ርቀቱን ብቻ አይተው የመወሰን ዝንባሌ አላቸው። «ገና ሩቅ ነው፣ እደርሳለሁ!» ይቺን ከማን አፍ እንደሰማኋት ያውቃሉ።

ሞተር ሳይክሉ ላይ ግን ወጣት ሽማግሌ የለም። ትንሽ ነገር ዘግይቶ የሚደርስ፣ ትልቅ ነገር ቶሎ የሚደርስ ይመስለናል። ሞተርና ሲኖ ትራክ እኩል ርቀት ላይ ሆነው እኩል ቢበሩ፣ ጊዜ ያለን የሚመስለን ለሞተሩ ነው። ማታማ ይብሳል። የመኪናን መቅረብ ሁለቱ መብራቶቹ ሲራራቁ እናውቀዋለን፤ ሞተር ያለው አንድ መብራት ነው። አንዱ መብራቱ የተቃጠለበት አይሱዙም ያው ነው፣ እሱ ደግሞ በየመንገዱ ሞልቷል።

ቁልፉን ያስቀምጡ አልልም። ብልም አይሰሙኝም። በማለዳ ተነሥተው ሳይመሽ ይግቡ እንጂ። ከፊትዎ የሚያዘግም ከባድ መኪና ካለ ተከትለው ይምጡ። ፈጣን መንገዱን ከያዙ በኋላ ፊት ለፊት የሚመጣ ስለሌለ ያኔ እንደልብዎ ይቅደሙ። የግድ መቅደም ካለብዎ ከፊት የሚመጣውን አንዴ አይተው አይበቃዎትም። ወደ ኋላ መስታወቱ ተመልክተው እንደገና ይዩት። በዚያች ቅጽበት ተልቆ ከጠበቀዎት ይተዉት። እማዬም ከጎንዎ ትቀመጥ፤ «ቆይ» ካለች ደግሞ አይቆጧት።

ዓሣ ግን እንዳያመጡ። ባለፈው ያመጡት በሙቀቱ ተበላሽቶ መኪናዋ ስንት ጊዜ ታጠበች!

ናፋቂ ልጅዎ